እጃቸውን ቀድመው የታጠቡት ሰው

እኛ አገር ሰው የሚፈልገውን ነገር የሚቀበለው እምቢ እያለ ነው። ሰው ቤት ትገባላችሁ፤ ማዕድ ቀርቧል፤ "ኑ ብሉ" ይሏችኋል። ምን ትላላችሁ? "ኧረ አሁን በልቼ መምጣቴ ነው።" ሆዳችሁ እዚያው እየጮኸ፣ ባለቤቲቱም ጩኸቱን እየሰማች። "በሞቴ!" ስትል "ኧረ በፍጹም"፤ "አፈር ስሆን!" ስትል "እንግዲህ እንዳይከፋሽ ያህል" ይባልና ያኔ ነው እጅ ለውኃ የሚዘረጋው። ከዚያ በኋላ ትሪው ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቃላችሁ። ሽማግሌ የላከ ሰውም በመጀመሪያው ቀን "እሺ፣ ውሰዳት" ቢባል ደስ አይለውም፤ "ምን ጉድ ቢኖርባት ነው?" ብሎ ይሰጋል እንጂ። ሙሽራዪቱም ብትሆን ልቧ እየዘለለ አልቅሳ ነው ከቤት የምትወጣው። ይህን ሁሉ የምናደርገው ውሸታሞች ስለሆንን አይደለም። መራብ ነውር ሆኖ አይደለም፤ የራበው መምሰል ነው ነውሩ።

ይህን ሥርዓት የማያውቁ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ። ጋሽ ረጋሳ ይባላሉ።

ስለ እኔ ብዙ የሚባል የለም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ንግግርም አላበዛም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ጋሪ ስነዳ ነው፤ ዛሬ አዳማ የምትሏት ከተማ ናዝሬት ስትባል፣ ባጃጅ የሚባል ነገር ሳይታሰብ፣ መንገዱ ሁሉ የጋሪ በነበረበት ጊዜ። ጋሪ ነጂ ፊቱን ለፈረሱ፣ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ የሚኖር ፍጡር ነው፤ ብዙ ይሰማል፣ ትንሽ ይመልሳል። ያ ዘመን፣ የደርጉ ዘመን፣ ደግሞ ለእንደኔ ዓይነቱ የተመቸ ነበር። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል የሰማ ሁሉ አፉን ዘጋ፤ እኔ ከድሮም ዝግ ስለነበርኩ አዲስ ነገር አልሆነብኝም።

ጋሽ ረጋሳ የጋሪ ጠፍር ሰፊ ነበሩ። ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ግራር ሥር ተቀምጠው ለእኛ ለጋሪ ነጂዎች ልጓምና ጠፍር ይሰፋሉ። ረዥም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ከጆሯቸው እኩል ይሆናል። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "ሞላ! አካም ቡልቴ?" ይሉኛል በኦሮምኛ፣ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ የሁለታችን ጨዋታ እዚያ ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ እሰማለሁ፣ ቡላ፣ ፈረሴ ማለቴ ነው፣ ያስነጥሳል።

የሚያወሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ቦይ።

ናዝሬትን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከተማዋ እንደ ገበቴ ናት። ዙሪያዋ ኮረብታ፣ መካከሏ ጎድጓዳ። ክረምት በገባ ቁጥር ኮረብታው ላይ የዘነበው ሁሉ ተጠራርቶ ወደ መካከል ይወርዳል። እኛ የምንኖርበት ታችኛው ሰፈር የገበቴው ታች ነው። ሐምሌ ላይ አልጋችን በድንጋይ ከፍ ይላል፤ ማሰሮው መንሳፈፍ ይጀምራል፤ እማማ ጦቢያ የሚባሉ ጎረቤቴ ዶሮዎቻቸውን ቆጥ ላይ፣ ራሳቸውን ጠረጴዛ ላይ አውጥተው ይቀመጡና አላፊ አግዳሚውን ይሳደባሉ። እኔም ቡላን ቤት ውስጥ አስገባለሁ፤ እሱ ይቆማል፣ እኔም እቆማለሁ፤ እንዲያ ሆነን ይነጋል።

ጋሽ ረጋሳ ቆቃ ዳር ያደጉ ሰው ስለሆኑ ውኃ ምን እንደሚያስብ ያውቁበታል። "ሞላ፣ ይህ ውኃ ጠላታችሁ አይደለም" ይሉኛል ወስፌያቸውን እያወዛወዙ፤ "ወደ ፈፋው መሄድ ነው የሚፈልገው። መንገድ ስላጣ ነው እናንተ ቤት የሚያድረው።" ፈፋው ከሰፈራችን በስተምዕራብ ነው። ውኃው ወደዚያ እንዲሄድ ከላይ ጀምሮ ቦይ መቆፈር አለበት። ጣጣው ታዲያ በቦዩና በፈፋው መካከል የቀበሌው ግቢ መኖሩ ነው። ግቢው ውስጥ ደግሞ መድረክ አለ፤ ለበዓል ቀይ ጨርቅ የሚለብስ፣ መፈክር የሚሰማበት። ሊቀመንበሩን ቢጠይቋቸው "የአብዮት መድረክ በቦይ አይቆረጥም" አሏቸው። ጋሽ ረጋሳም ወደ ግራራቸው ተመልሰው አሰቡ፤ ሊቀመንበር ካልፈቀደ፣ ሊቀመንበር መሆን ነው እንግዲህ።

ነገሩ እንዲህ ቀላል መሰላቸው።

የዚያን ጊዜ የቀበሌ ምርጫ እንዴት እንደሆነ ለማያውቁት ልንገር። ሕዝቡ አዳራሽ ይሰበሰባል። ካድሬው "ጥቆማ!" ይላል። ሰው ሁሉ አንገቱን ይቀብራል፤ አንዱ ከምሰሶ ጀርባ፣ አንዱ ከወፍራም ሰው ጀርባ። ያልታደለው ይጠቆማል። የተጠቆመም ይነሳና "ጓዶች፣ እኔ በሽተኛ ነኝ፣ ቤተሰብ ይበዛብኛል፣ ችሎታም የለኝም" ይላል፤ ሕዝቡ "ይችላል! ይችላል!" ይላል፤ እሱ አንገቱን ይሰብራል፤ ተመረጠ። አንዳንዱ ከልቡ ነው የሚሸሸው፤ ያ ወንበር ሰው የሚበላበትም፣ ሰው የሚበላም ወንበር ነበርና። አንዳንዱ ደግሞ ወንበሩን ከቤቱ ሆኖ በዓይኑ ለክቶ የመጣ ነው። እምቢታው ግን የሁለቱም አንድ ነው።

በዚያች ቀን ካድሬው "ጥቆማ!" ከማለቱ አንድ ረዥም እጅ ከመካከል ወጣ።

"ጓድ ረጋሳ፣ ማንን ይጠቁማሉ?"

"ራሴን።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካድሬው ራሱ እንዳይስቅ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ፤ ክልክል መሆኑን የሚናገር መስመር ይፈልግ ነበር መሰለኝ፤ አላገኘም። የጻፉትም ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብለው አላሰቡም።

"ምክንያትዎ ምንድን ነው?"

"ቦይ ላስቆፍር።"

እማማ ጦቢያ ተነሱ። "አንተ ሰው! ያንተ ቤት ከላይ ነው፤ ጠብታ አይነካህም። በደረቅ ቤት ተኝተህ የኛ ጎርፍ ምን አገባህ? ምን ልትበላበት ነው?"

ጋሽ ረጋሳ አልተቆጡም። "እማማ፣ ውኃው በኔ ደጃፍ አልፎ ነው እናንተ ጋ የሚመጣው። እያየሁት ያልፋል። የማይፈለግ እንግዳ ቤታችሁን አሳይቼ የላክሁባችሁ እየመሰለኝ አፍራለሁ" አሉ።

ደህና ንግግር ነበር። የወጣው እጅ ግን ሁለት ነው፤ አንዱ የራሳቸው፣ ሌላው የአንድ ዝንብ የሚያባርር ሰውዬ።

ያን ቀን በጋሪ ቤታቸው አደረስኳቸው። ሚስታቸው እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ወሬው ቀድሞን ገብቷል።

"ራስህን ጠቆምክ አሉ?"

"ሌላ ማን ይጠቁመኝ?"

"አንተ ሰውዬ" አሉ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን እያጣፉ፤ "ሰው ቤት ገብተህ ብላ ሲሉህ እንኳ መጀመሪያ 'በልቻለሁ' ይባላል። አንተ ሳይጠሩህ ገብተህ፣ ማዕዱ ሳይቀርብ እጅህን ታጥበህ ትቀመጣለህ? ማን ያጎርስሃል?"

"ርቦኝ ከሆነስ?"

እትዬ አስካለ ወደኔ ዞሩ። "ሰማኸው ሞላ? ይኸው ነው፣ ስንት ዓመት የኖርኩት።"

ጋሽ ረጋሳ በሚቀጥለው እሑድ ዶማና አካፋ ይዘው ከላይ መቆፈር ጀመሩ። ብቻቸውን። ሰው ሲያልፍ ቆም ይላል።

"ጋሽ ረጋሳ፣ አልመረጥንዎትም እኮ!"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን ይቆፍራሉ?"

"ብትመርጡኝ የማደርገውን።"

እንዲህ ዓይነት ሰው ያስቃል፤ ቆይቶ ደግሞ ያናድዳል። እውነቱን ልናገርና፣ እሑድ በመጣ ቁጥር በዚያ በኩል ጋሪ መንዳት ተውኩ። አጎንብሶ የሚሠራ ሰው አጠገብ ጀርባን ቀጥ አድርጎ ማለፍ ይከብዳል።

ሁለተኛው ምርጫ መጣ። በዚያን ጊዜ ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ነገር ነበር፤ የሚመረጥ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ ጥፋቱን ራሱ ይናገራል። ብልጡ ሁሉ ዘዴውን ያውቅበታል። "ሥራ ስወድ ጤናዬን እረሳለሁ" ይላል አንዱ። "ለሰፊው ሕዝብ ስል ቤተሰቤን በድያለሁ" ይላል ሌላው። ጥፋት ተብሎ የሚነገረው ሙገሳ ነው። የጋሽ ረጋሳ ተራ ሲደርስ ተነሱና ጥፋታቸውን ተናገሩ። እውነተኛውን ጥፋት።

"አንድ ጊዜ ያረጀ ጠፍር በሞራ አሽቼ አዲስ ነው ብዬ ሰጥቻለሁ። መንገድ ላይ ተበጥሶ ጋሪው ተገለበጠ። ይህም ለዚህ ለሞላ ነው፤ እሱ ዝም ስለሚል እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ስብሰባ ላይ እተኛለሁ። ሊቀመንበሩ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሳየው እቀናለሁ፤ እኔ ብሆን ኖሮ ቦዩ ይቆፈር ነበር እላለሁ።"

ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያን ጋሪ አስታውሰዋለሁ፤ የቡላ የፊት ጉልበት ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው። ተናድጄም አልነበረም። እንዲያውም ከስብሰባው በፊት ግራሩ ሥር አግኝተውኝ "ሞላ፣ እጅህን ታወጣልኛለህ?" ብለውኝ፣ "እሺ" ብያቸው ነበር።

"ጓድ ረጋሳን የምትመርጡ!" አለ ካድሬው።

ያ ዘመን የወጣ እጅ የሚቆጠርበት ብቻ ሳይሆን የሚታወስበትም ዘመን ነበር። እጄን ከጉልበቴ ላይ አየሁት። ከባድ ነበር። ልጓም ሲጎትት የሚውል እጅ አንድ ክንድ ያህል ወደ ላይ መውጣት አቃተው። ጋሽ ረጋሳ ዞር ብለው አዩኝና ወዲያው ፊታቸውን መለሱ፤ እንዳላፍር ብለው መሆኑን ዛሬ ነው የማውቀው። በማግስቱ ልጓሜን ወሰድኩላቸው። "አካም ቡልቴ?" አሉኝ እንደ ወትሮው፤ ሰፉልኝ። ስፌቱን በእጥፍ አድርገው ነበር። ሰው ቢቆጣችሁ ይሻላል።

ሦስተኛው ጊዜ ለቀበሌ አልነበረም፤ ብዙ ቀበሌዎችን ለሚያዝ ለከፍተኛው ነበር። "ከታች ካልሆነ ከላይ ይሁን፤ ውኃም ከላይ ነው የሚመጣው" አሉ። በዚህ ጊዜ ማስረጃ ይዘው ሄዱ። ከእማማ ጦቢያ ቤት፣ ከአልጋቸው ሥር የተቀዳ የጎርፍ ውኃ በብርሌ ሞልተው ጠረጴዛው ላይ አቆሙ፤ ተራቸው ሲደርስ አንስተው ሊያሳዩ። ቀኑ የናዝሬት ቀን ነው፣ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያፈላዋል። ከበላይ አካል የመጡት እንግዳ ንግግራቸውን ጨርሰው ላባቸውን ጠረጉ፤ ብርሌዋን አዩ፤ ደፍረስ ያለች፣ ቢጫ። የናዝሬት ሕዝብ እንግዳ አክባሪነቱን ያውቃሉ። አነሱና ደህና አድርገው ሳቡ።

የእንግዳውን ፊት አልረሳውም። ጋሽ ረጋሳ ብድግ ብለው፣ "እንዲያውም ጥሩ! ይህ ሕዝብ የሚተኛበት ውኃ ነው፤ ጓድ አሁን ቀምሰውታል" አሉ።

እንዴት እንዳልታሰሩ እግዜር ያውቃል። እጅ እስኪቆጠር አልተጠበቀም። እትዬ አስካለ ቤታቸው በር ላይ ሆነው ወሬውን ሲሰሙ፣ "ይኸው፣ በመጨረሻ አንድ ሰው ያቀረብክለትን ቀመሰ" አሉ።

ዓመታት አለፉ። ቦዩ እሑድ እሑድ ያድጋል። ከላይ ጀምሮ ወርዶ ወርዶ የቀበሌው አጥር ጋ ደርሶ ቆመ። ጋሽ ረጋሳ አጥሩን ዞረው ከወዲያ በኩል፣ ከፈፋው ጀምረው ወደ ላይ ቆፈሩ፤ እሱም መጥቶ አጥሩ ጋ ቆመ። መካከል የቀረው ግቢው ነው፤ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ሠላሳ እርምጃ የጎደለው ቦይ ደግሞ ከምንም የከፋ ነው። ውኃው በተዘጋጀለት መንገድ እየተምዘገዘገ መጥቶ አጥሩ ጋ ይተኛል፤ ከዚያ ወደኛ ይመለሳል።

"የጎደለን ይህ ነበር" አሉ እማማ ጦቢያ። "ድሮ ጎርፉ በእግሩ ነበር የሚመጣው፤ አሁን ረጋሳ አስፋልት ሠራለት።"

አራተኛው ጊዜ የሸንጎ ምርጫ ነው። አገር የሚመራ ሸንጎ ሊቋቋም ነው ተባለ። ለአንድ ወንበር ሦስት ዕጩ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ተዘጋጅተዋል፤ ሦስተኛ ጠፋ። እንዳያሸንፍ የተረጋገጠ፣ እንዳይሸሽም የታመነ ሰው ከየት ይምጣ? ካድሬው ራሱ ወደ ግራሩ ሥር መጣ። እንዲህ ነው ጋሽ ረጋሳ ለአገር የታጩት። ማንበብ ለማንችለው ተብሎ ለየዕጩው የአውሬ ሥዕል ተሰጠ፤ ለሳቸው ቀጭኔ ደረሳቸው።

"ቁመቴን አይተው ነው" አሉኝ ከልባቸው እያዘኑ። "ምናለ አህያ ቢያደርጉልኝ? ቀጭኔ እዚህ አገር ማን ያውቃታል?"

ሄድኩ። ወረቀቱን ሰጡኝ፤ ከመጋረጃ ኋላ ገባሁ። ካድሬ የለም፤ ጎረቤት የለም፤ እኔና ሦስት አውሬ ብቻ። እጄ ያን ቀን አልከበደችም።

እርግጥ ነው፣ አላሸነፉም። ግን ቆጠራው ላይ የነበረ ሰው ኋላ ሲያወራ ሰማሁ፤ ወረቀቱ ሲገለጥ ቀጭኔ፣ ቀጭኔ፣ ቀጭኔ እያለ ካድሬውን ላብ አጥምቆት ነበር አሉ። ከየት መጡ እነዚህ ሁሉ? በአደባባይ ሁለት እጅ፣ ያውም አንዱ የዝንብ፤ ከመጋረጃ ኋላ ግን መንጋ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጋሽ ረጋሳን የማይወድ አልነበረም። ሲፈልጉ ማየቱ ነበር ያሳፈረን። የራበው ሰው ዓይን ለዓይን ሲያየን እኛ ነን የምናቀረቅረው።

በዚያ ክረምት የእማማ ጦቢያ የጓዳ ግድግዳ ወደቀ። ሰው አልጎዳም፤ ዶሮዎቹ ሞቱ። እማማ በሸራ ጋርደው ኖሩ። አናጢው አይቶ "ይኼኛው ማገር የሚችለው እስከ መጪው ክረምት ነው፤ አንድ ጎርፍ ከገባ ቤቱ እንዳለ ይተኛል" አላቸው። ያን ዕለት ጋሽ ረጋሳ ስፌታቸውን ትተው ሲመሽ ድረስ ሸራው ሥር ከእማማ ጋር ተቀመጡ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ሲወጡ ግን ወዴትም ሳያዩ ነበር የሚሄዱት።

አምስተኛው ምርጫ የመጣው በግንቦት መጨረሻ ነው። በጠዋት ግራሩ ሥር ጠሩኝና ጋሪዬ ላይ ስድስት አካፋና አራት ዶማ ጫኑ። "አዳራሹ በር ላይ አውርድልኝ" አሉ። ለምን? አልጠየቅሁም። አልጠይቅም። አካፋዎቹ ግን የተሳሉ ነበሩ፤ ሲንቀጫቀጩ በፀሐዩ ያበራሉ። ኮረብታው ላይ ጥቁር ደመና ተቀምጧል።

አዳራሹ ሞልቷል። አዲስ ካድሬ ነው፤ ልጅ እግር፣ የሰፈሩን ታሪክ የማያውቅ። "ጥቆማ!" አለ።

ሕዝቡ ሁሉ እንደ ልማዱ ወደ ጋሽ ረጋሳ ዞረ፤ ሊስቅ ተዘጋጅቶ። ጋሽ ረጋሳ ጫማቸውን ያያሉ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

"ጥቆማ፣ ጓዶች!"

ዝም። ይህ ዝምታ የለመድኩት አልነበረም። እኔ ዝምታ አውቃለሁ፤ የዕድሜ ልክ ሙያዬ ነው። ይኼኛው ግን አንድ ነገር የጎደለው ዝምታ ነበር፤ ሰዓት ቀጥ ሲል እንደሚሰማው። ተስፋ ቆረጡ፣ አልኩ በልቤ። ስንት ዓመት የቆመውን ሰው እኛ አስቀመጥነው። እማማ ጦቢያን አየኋቸው፤ ከንፈራቸውን ነክሰዋል። እጄን አየሁት። ጉልበቴ ላይ ነው። ያው እንደ ሁለተኛው ጊዜ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። "ጋሽ ረጋሳ" አልኩ።

ሰው ሁሉ ምሰሶው የተናገረ ይመስል ዞሮ አየኝ። "ሞላ ነው!" አለ አንዱ። "ድምፅ አለው እንዴ?" አለ ሌላው።

ጋሽ ረጋሳ ቀስ ብለው ተነሱ። አሁን ቦዩን ያነሳሉ ብዬ ስጠብቅ፦

"ጓዶች፣ አክብራችሁኛል" አሉ፤ "እኔ ግን አልችልም። ዓይኔ ደክሟል፤ ወስፌዬ ከጠፍሩ ይልቅ ጣቴን መውጋት ጀምሯል። ወጣት ምረጡ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ተናገርኩ፤ እሱንም ጊዜው ካለፈ በኋላ! አዳራሹ ውስጥ ግን እኔ ያልጠበቅሁት ማጉረምረም ተነሳ።

"ኧረ ይችላሉ!"

"በፍጹም" አሉ ጋሽ ረጋሳ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

"ይችላሉ! ይችላሉ!"

"አይሆንም፣ ተዉኝ፤ ለዚህ የሚሆን ሰው ሞልቷል።"

እማማ ጦቢያ ብድግ አሉ። ነጠላቸው ወደቀ፤ አላነሱትም። "በሞቴ ረጋሳ! ግድግዳዬ በወደቀበት ይዤሃለሁ! እምቢ ብትል ዛሬ ከዚህ አልነሳም!"

ጋሽ ረጋሳ አንገታቸውን ሰበሩ። ረዥም አንገት ነው፣ ለመሰበር ጊዜ ወሰደበት።

"እንግዲህ" አሉ፤ "እንዳይከፋችሁ ያህል።"

ያን ቀን የወጣውን እጅ ብታዩ! ካድሬው መቁጠሩን ትቶ ያልወጣውን ፈለገ፤ አላገኘም። ጭብጨባው ሲበርድ "አዲሱ ሊቀመንበር መልእክት ያስተላልፋሉ" አለ። ጋሽ ረጋሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አካፋው በር ላይ ነው" አሉ።

ወዲያው ወደ በሩ አመሩ። ካድሬው ከኋላቸው እየተከተለ "ጓድ ሊቀመንበር፣ መድረኩስ?" ሲል፣ "መድረክ ባኖሩት ቦታ ይቆማል፤ ውኃ ግን ባሉት መንገድ አይሄድም" ብለውት አለፉ። መድረኩን አሥር ሰው ተሸክሞ ወደ ጥግ አቆመው። እማማ ጦቢያ ቀዩን ጨርቅ አጣጥፈው ያዙ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሠላሳው እርምጃ አለቀ፤ ያንን የሚያህል ዓመት የፈጀው ነገር ግማሽ ቀን አልሞላም። እኔ አፈሩን በጋሪ አመላለስኩ። በመካከል ጋሽ ረጋሳ ላባቸውን እየጠረጉ አጠገቤ መጡና ጎንበስ አሉ።

"ሞላ፣ ምነው ዘገየህ? ማንም ባይጠቁመኝ ኖሮ ያቺ እጄ ልትነሳ ነበር። በጉልበቴ አጣብቄ ነው የያዝኳት።"

አየኋቸው።

"አስካለ ናት" አሉ በሹክሹክታ። "እምቢ ማለትን እስክታስተምረኝ አረጀች።"

እንግዲህ ፍረዱ። ያ ቀጥ ያለ ሰው በስተርጅና ዋሸን ትላላችሁ? እኔ አልፈርድም። ስንት ጊዜ እውነቱን ነግረውን አልገባንም፤ በኛ ቋንቋ ቢያናግሩን ገባን። ወንበሩ ላይም ብዙ አልቆዩም፤ ብዙም ሳይቆይ መንግሥቱ ራሱ ወረደ፤ ቀበሌውም ሌላ ሆነ፤ ጋሽ ረጋሳ ወደ ግራራቸው ተመለሱ። ቦዩ ግን ዛሬም አለ፤ ድንጋይ ለብሷል። ማን እንደቆፈረው የሚያውቅ እያነሰ ነው፤ ውኃው ግን መንገዱን ያውቃል።

የመጀመሪያው ዝናብ የመጣው ምርጫው በሆነ በሳምንቱ ነው፤ ከሰዓት በኋላ። ሰፈሩ ሁሉ ጆንያ ተከናንቦ ወጣ። ውኃው ከኮረብታው ወረደ፤ በጋሽ ረጋሳ ደጃፍ አለፈ፤ አጥሩ ጋ ደረሰ። ጥቂት ያመነታ መሰለ። ከዚያ በግቢው መካከል፣ መድረኩ በነበረበት፣ እየዘለለ ሄዶ ፈፋው ውስጥ ገባ። እማማ ጦቢያ እልል አሉ። ጋሽ ረጋሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደ እንግዳ ሸኙት።

ሲያባራ እሳቸውን በጋሪ ቤታቸው አደረስኳቸው። እትዬ አስካለ ማዕድ አቅርበዋል፤ ዶሮ ነው፣ ሽታው እስከ ቡላ ድረስ ይመጣል። ጠዋት ከበላሁት ቂጣ በቀር እህል አልቀመስኩም።

"ሞላ፣ ግባ ብላ እንጂ!" አሉ እትዬ አስካለ።

"ኧረ በልቻለሁ" አልኩ።

እትዬ አስካለ "በሞቴ" ሊሉ አፋቸውን ከመክፈታቸው ጋሽ ረጋሳ ቀደሙ። "ተይው አስካለ፤ ሞላ ካልመሰለው አይናገርም። በልቻለሁ ካለ በልቷል። ደህና እደር፣ ሞላ!"

ልማድ በአንድ ምርጫ አይለቅም። ቡላን አዙሬ ሄድኩ። ያን ቀን ሆዴ ባዶውን አደረ። ቤቴ ግን ደረቅ ነበር።